ሳሙና ሳሙና የሚለው ማር

«ሳሙና ሳሙና ይላል ስልዎት፣ አያ። እኔ ምን ላድርግ? ይኸው ይቅመሱት።»

«ቀምሼዋለሁ።»

«እና?»

«ማር ነው።»

እህቴ ጣቷን ከቅሉ አውጥታ በሽርጧ ጠረገች። ይህንኑ ስትል አራተኛ ጊዜዋ ነው። አጎታችን፣ የእናታችን ወንድም፣ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ዱላቸውን በጉልበቶቻቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። ከዝቋላ ወረዳ ወደ ሰቆጣ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ገና መድረሳቸው ነው፤ የጫማቸውን አቧራ እንኳ አላራገፉም። አራቱ የማር ቅሎች መሬት ላይ ተደርድረዋል። አህያዋ ውጭ ከግድግዳው ጥላ ሥር ታስራለች። እኔ ጓዳው በር ላይ የጠጅ ማጥለያውን ጨርቅ እየጨመቅሁ ቆሜያለሁ። ሳሙናው ከየት እንደመጣ ከሦስታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አልተናገርኩም።

«ጠጅ ሊጠጣ ለመጣ ሰው የልብስ እጣቢ ላቅርብለት?» አለች እህቴ።

«ይጠቅመዋል» አሉ አጎቴ። «በከተማችን ውኃ ጠፋ ትሉ የለ።»

ማንም አልሳቀም። እሳቸውም ለማሳቅ ያሉት አይመስለኝም፤ ደክሟቸው ነበር።

ቤቱ የእህቴ ጠጅ ቤት ነው። አሥረኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ አብሬያት እኖራለሁ። ጌሾ እወቅጣለሁ፣ ጠጅ አጠልላለሁ፣ ብርሌ አጥባለሁ፣ ጠጪ ሲቀንስ ደግሞ ጓዳ ገብቼ ጌሾው ተጠቅልሎበት በመጣው ወረቀት ላይ ግጥም እጽፋለሁ። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ አጎቴ ማራቸውን ቆርጠው ይመጣሉ፤ እህቴ ትገዛለች። እናታችን በሕይወት እያለች የተጀመረ ልማድ ነው። ዘንድሮ ግን ማሩ ብቻውን አልመጣም። አንድ ተራራ አብሮት ተንጠልጥሏል።

ተራራው ከአጎቴ ቤት በላይ ነው። ልጅ ሆኜ ሳውቀው ድንጋይና ፍየል ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የሚጋሩት ሰባት አባወራዎች ተስማምተው ዘጉት። ፍየል አይገባም፣ መጥረቢያ አይገባም፣ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወጣል። ቀፏቸውን ከግርጌው ደረደሩ። መጀመሪያ ሣሩ መጣ። ከዚያ ክረምቱ ሲወጣ ንቦቹ የሚወዷት፣ ማሩን የምታነጣው ያች ነጭ አበባ ያላት ቁጥቋጦ ከድንጋዩ መሀል ራሷን አወጣች። ታኅሣሥ ላይ ትደርቅ የነበረች አንዲት ምንጭ አምና እስከ የካቲት ቆየች። አጎቴ ስለ ምንጯ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም። ከተለመደች በኋላ ብትደርቅ ሴቶቹ ወደ ድሮው ሩቅ ወንዝ እንዴት እንደሚመለሱ ነበር የሚያስቡት።

ሰባቱ ታዲያ በሣርና በምንጭ ብቻ አይኖሩም። ፍየላቸውን ቀንሰዋል፣ ከሰል ማክሰሉንም ትተዋል። በምትኩ የያዙት ማሩን ነው። ወደ እነሱ የሚወጣ ሌላ የማር ነጋዴ የለም፤ ገዢያቸው ሰቆጣ ነው። ማሩ ካልተሸጠ ተራራው ይከፈታል።

ዝጉት ብለው ካግባቧቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ያኔ ከወልድያ የሚመጣው መንገድ ተዘግቶ ነበር። መኪና አይገባም፣ ስኳር ከሱቆቹ መደርደሪያ ጠፍቷል። ጠጅ ጣዩ ሁሉ ወደ ዝቋላና ወደ ኒሯቅ ማር ዞረ። ሰው የጎረቤቱን ማሽላ፣ የጎረቤቱን ቅቤ፣ የጎረቤቱን ማር እየበላ ከረመ። ብዙ ነገር የጎደለበት ክፉ ጊዜ ነበር፤ ላወድሰው አልፈልግም። እኔ ግን በዚያ መሀል ከተማው ልብ የገዛ መሰለኝ። አጎቴ ቤት ሄጄ፣ ሰባቱ ጠላ ይዘው በተቀመጡበት ቆሜ ተናገርኩ። «እናንተ ተራራውን ዝጉ፣ ማሩን ከተማው ይገዛል» አልኩ። የጻፍኩትንም ግጥም አነበብኩላቸው። ግማሾቹ አማርኛው ፈጠነባቸውና አጎቴ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ተረጎሙላቸው። ረጅሙ ግጥሜ በኽምጣኛ አንድ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። በኋላ ምን ብለው እንደተረጎሙት ብጠይቃቸው «ማሩን ይገዛሉ ነው ያልኳቸው» አሉኝ።

ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፤ ስኳሩም ተመለሰ። እህቴ መጀመሪያ ማሩ ሲያንሳት ብቻ ነበር የምትጨምረው። ቀጥሎ እኩል በእኩል ሆነ። ዘንድሮ ከምንጥላቸው ጋኖች ማር የሚያየው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ስኳር፣ ጌሾና ቢጫ ቀለም ነው። ስኳሩን የምናመጣው ፊት ለፊታችን ካለው ሱቅ ነው። ባለሱቁን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። አንድ ቀን ኩንታሉን ሲያሸክሙኝ፣

«ይህን ሁሉ ስኳር የት ነው የምታደርሱት?» አሉኝ፤ የት እንደምናደርሰው እያወቁ።

«እርስዎስ ቤት አያልቅም?»

«እኔ ሻጭ ነኝ። ልጆቼ የሚበሉት ማር ነው» ብለው ሳቁና ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የጭነት መኪናው በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ ይመጣል። ከወልድያ በኩል ቀኑን ሙሉ ዳገቱን ሲያቃስትበት ውሎ፣ ጥቁር ጭሱን ከኋላው እየጎተተ ገበያው አጠገብ ይቆማል፣ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። ማር ላለው አገር ጣፋጭ ነገር ለማድረስ ይህን ያህል ናፍጣ ይነዳል። የአጎቴ አህያ የምትበላው ደግሞ ከዚያው ከተራራው የታጨደውን ሣር ነው፤ ስትመለስም ጨውና ቡና ትጭናለች።

ከስኳሩ ጆንያ ውስጥ ያለው ላስቲክና በችርቻሮ የሚሸጥበት ፌስታል የሚሄድበት ቦታ የለም። ነፋሱ ወደ ከተማው ዳር ይወስደዋል፣ ግራሮቹ ይይዙታል። ባለፈው ፋሲካ ጎረቤታችን ፍየል አርዶ ጨጓራውን ሲከፍት እንደ ክር ኳስ የተጠቀለለ ሰማያዊ ፌስታል ጎትቶ አወጣ። ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ አንዱን አወጣ፣ ከእሱ ጋር የተቋጠረ ሌላ ተከተለው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሰውዬው ወደ ጎን ጣለውና ሥራውን ቀጠለ። ከዓመት በፊት ቢሆን ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ባሳየ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ያን ቀን ያደረገልኝ ነገር፣ ስለ ሳሙናው እንዳልናገር ሌላ የምናገረው ነገር መስጠት ብቻ ነበር።

«እታለም» አልኳት እህቴን። «ስኳሩ እኮ ስንት አገር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ናፍጣው አለ፣ ላስቲኩ አለ። ይህ ግን ከዚሁ...»

«ጀመረው» አለች ወደ አጎቴ ዞራ። «ያ ጃኬትህ የተሸመነው ዝቋላ ነው?»

«አይደለም።»

«ስልክህስ የትኛው ተራራ ላይ በቀለ? አያ፣ እናንተ ጋ ስልክ ይበቅላል?»

«ኔትወርኩም አልበቀለ» አሉ አጎቴ።

እህቴን በክርክር አሸንፌያት አላውቅም፤ የምትናገረው ቆማ፣ እጇ ሥራ ላይ ሆኖ ነው። እኔ ማታ ግጥም ሳስብ እሷ የነገውን ውኃ ከየት እንደምታስቀዳ ታስባለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ደክሟታል፤ ለደከመው ሰው ደግሞ ስኳር ቅርብ ነው። መንገድ ተሻግሮ ማምጣት ነው።

አጎቴ ዱላቸውን ከጉልበታቸው መሀል አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔ ማር ውስጥ የሆነ ነገር ጨምሬያለሁ ነው የምትይው?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«ታዲያ ሳሙና ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ የሸተተኝን ነው የምናገረው።»

«አባቴ ማር ቆራጭ ነበር። እኔ ማር ቆራጭ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ የእህቴ ልጅ ቤት ገብቼ ማር ቀላቀልክ ልባል?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በኽምጣኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙ፤ ከዚያ ወደ ቅሎቹ ጎንበስ አሉና የመጀመሪያውን ክዳን መልሰው መግጠም ጀመሩ።

ያን ጊዜ ጨርቁን አስቀመጥኩት።

የማር ቅል በሳሙና አይታጠብም። ይህን በእኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። በሙቅ ውኃ ይለቀለቃል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ በቃ። ቅል ሽታ ይጠጣል፤ አንዴ ከጠጣ አይመልስም። የእኛና የአጎቴ ቅሎች ደግሞ ተመላላሾች ናቸው። ማር ይዘው ይመጣሉ፣ ማሩ ሲያልቅ ጨው፣ ቡናና በርበሬ ተሞልተው ይመለሳሉ፤ ዕቃን ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ። ፕላስቲክ ባልዲ በመሀላችን ገብቶ አያውቅም፤ ከእኔ በፊት እነዚሁ ቅሎች ነበሩ።

አምና ቅሎቹን እንዳዘጋጅ እህቴ ለእኔ ተወችልኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት፣ ችግኝ ተከላን አስመልክቶ በተጠራ ስብሰባ ላይ ግጥም እንዳነብ ተጠርቼ ነበር። ቸኩያለሁ። ሦስቱን በደንቡ አለቀለቅሁ። የአራተኛው ሥር ላይ ሻጋታ ነገር አየሁ። ብርሌ የማጥብበት የዱቄት ሳሙና የተበጠበጠበት ሳፋ እዚያው አጠገቤ ነበር፤ ቅሉን እዚያ ውስጥ ነከርኩት፣ በብሩሽ ፈተግሁት፣ አለቀለቅሁት፣ ገልብጬ ሄድኩ። ስብሰባው ላይ ያነበብኩት ግጥም ከጓሮአችን፣ ከተራራችን እንግዛ የሚል ነበር። ተጨበጨበልኝ። ካጨበጨቡት ውስጥ በማግስቱ ማር የገዛ አላየሁም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቅሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በሳሙና።»

አጎቴ ክዳኑን እንደያዙ ቀና አሉ።

«በየትኛው ሳሙና?» አሉ አጎቴ።

«በዱቄቱ።»

«ቅል?»

«ቅል።»

እንደገና ተቀመጡ። ክዳኑን በእጃቸው አገላበጡና፣ «ጨዉም እንዲያ ነበር» አሉ። «ባለቤቴ ቀምሳ፣ ከተሜዎቹ ጨውም ማጠብ ጀመሩ እንዴ አለች።»

እህቴ አፏን በሽርጧ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተነቃነቀ።

«በወይራ ሦስት ጊዜ አጥናዋለች። አልለቀቀም። እኔ ደግሞ ማሩ ያሸንፈዋል ብዬ ሞላሁት።»

«አላሸነፈም፣ አያ።»

«አላሸነፈም» አሉ። «ይህን ቅል ለእሱ ተይለት። በጋውን ሙሉ ይብላው።»

እህቴ የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ ከፈተች፣ አሸተተች፣ ቀመሰች። ንጹሕ ነጭ ማር ነበር፤ ራሷም አልካደችም። ለአፍታ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ተናገርኩ፣ ተሳቀ፣ ማሩ ይገዛል፣ ተራራው እንደተዘጋ ይቆያል። ጨርቁን መልሼ ላነሳ ጎንበስ ስል አጎቴ ቀጠሉ።

«የመጣሁት ሦስት ቅል ለመሸጥ ብቻ አይደለም።»

እህቴ ቀና አለች።

«ሚካኤል ዕለት ሰባታችን እንቀመጣለን። ሁለቱ ይከፈት ብለዋል። አንዱ ከከሰል ነጋዴ ጋር ተነጋግሯል። የቀሩት አንተ ሂድና ጠይቅልን አሉኝ፤ የእህትህ ልጅ የከርሞውን ትገዛለች ወይ ብለህ። የእኔን ብቻ አይደለም፤ የሰባታችንን። ትገዛለች ካልኩ አንድ ዓመት ይታገሳሉ።»

«አልገዛም ካልኩስ?»

«ፍየሎቹ ይገባሉ።»

እህቴ ከጋኑ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ማየት ለእኔ ብርቅ ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው፤ ጌሾው ጣቶቿን አጥቁሯቸዋል።

«በማር ብቻ ስጥል» አለች፣ «ሰው ሁለት ብርሌ ጠጥቶ ይወጣል። አሁን አምስት ይጠጣል። ማር የሚለይ ጠጪ ሦስት ቢኖረኝ ነው፤ ሁለቱን ደግሞ ሐኪም ከልክሏቸዋል።»

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎረቤቶቼ በስኳር እየጣሉ እኔ በማር ጥዬ በእነሱ ዋጋ ልሽጥ? የቤቱን ኪራይ ተራራው ይከፍልልኛል?»

«አይከፍልሽም።»

«ቢከፍልልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አያ። ያች ምንጭ እናቴ የቀዳችባት ናት። ጠፍቶኝ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«የዘንድሮውን ሦስቱንም እወስዳለሁ። ለከርሞው ግን ቃል አልሰጥም። ዋሽቼ አልልክዎትም።»

«ዋሺ አላልኩሽም» አሉ። በቁጣ ቢናገሩት ይሻለኝ ነበር።

ማሩ በብርዱ ረግቶ ስለነበር ከቅሎቹ የወጣው በእንጨት ማንኪያ እየተፋቀ ነው። ሥራው አይቸኩልም። እህቴ ትፍቃለች፣ አጎቴ ቅሉን ያዘነብላሉ፣ እኔ እንስራውን እይዛለሁ። የምንነጋገረው ያለቀብን ሦስት ሰዎች ሦስት ቅል እስኪያልቅ ድረስ ትከሻ ለትከሻ መቆም ነበረብን። አንዲት የሞተች ንብ ከሰፈፉ ጋር ወጣች፤ አጎቴ በጣታቸው ጫፍ አንስተው መደቡ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ እህቴ ቅሎቹን አለቀለቀችና አደራረቀቻቸው፤ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ቡና፣ በአንዱ በርበሬ ሞላችባቸው። በርበሬው ላይ ሳያይዋት ሁለት ጭብጥ ጨመረች። እኔ አየኋት።

እንዲያድሩ ለመነቻቸው። አህያዋን ፀሐይ ሳለ ከከተማ ላውጣት አሉ። ቅሎቹን እኔ ጫንኩላቸው፤ ገመዱን እሳቸው እንደገና ፈትተው አጠበቁት። ዱላቸውን ሊወስዱ ወደ ቤት ተመልሰው ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ።

«አያ፣ አብሬዎት ልሂድ። ሚካኤል ዕለት እኔ ልናገራቸው።»

ዞረው አዩኝ። «ምን ብለህ?»

አፌን ከፈትኩ። ከተማው ይገዛል ማለት አልችልም፤ ከተማው ምን እንደሚገዛ በየሳምንቱ በጀርባዬ ተሸክሜ አይቻለሁ። ታገሱ ማለት እችል ነበር፤ ግን ፍየል የሸጥኩት እኔ አይደለሁም። ስለ ናፍጣው፣ ስለ ላስቲኩ፣ ከጨጓራ ስለወጣው ፌስታል ልነግራቸው እችላለሁ፤ እነሱ ግን ስኳር አልገዙም። ያንን መስማት ያለበት ሰው ዝቋላ ውስጥ የለም። እህቴ እንስራውን መዝጋት አቁማ መልሴን ትሰማለች።

አጎቴ ጠበቁኝ። ለይምሰል አልነበረም። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ራሳቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣ ለሰባቱ ይዘውላቸው የሚሄዱት አንድ ነገር ከአፌ ይወጣ እንደሆነ በእውነት ጠበቁ።

«ደህና ሁኑ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ።

ወጡና ንብ ወደ ጠጁ እንዳይገባ በሩን ስበው ዘጉት።